ጎማ ያለው ቤታችን

«ሳይቃጠል በቅጠል» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ። ትርጉሙ በውል የገባኝ ግን በ2008 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ሰሞን፣ ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሁለት ልጆቼን ግራና ቀኝ ይዤ ከመኪናችን ርቄ በቆምኩበት ሰዓት ነው።

መኪናችን ስል ተራ አውቶሞቢል እንዳይመስላችሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ጀርመን አገር የተሠራ ቮልስዋገን ኮምቢ ሲሆን፣ ውስጡ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን መቀመጫ፣ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ ትንሽ ቁም ሣጥንና የቡታጋዝ ምድጃ አለው። ጣራው ወደ ላይ ሲነሣ ዙሪያው በሸራ ይጋረዳል። ባለቤቴ በ1992 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሰው ሲገዛው፣ «የምንኖርበት ቤት ሳይኖረን የሚንከባለል ቤት ምን ያደርግልናል?» ብዬ ተቆጥቼ ነበር። በኋላ ግን ለሆቴል የምንከፍለው ገንዘብ ሳያስፈልገን ልጆቻችንን ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ዋና ያስተማርነው በዚሁ መኪና እየሄድንና ውስጡ እያደርን ነው።

ባለቤቴ እሁድ እሁድ ጧት ከሥሩ ተኝቶ ሲፈታና ሲገጥም፣ እኔ ቡና አፍልቼ አቀርብለታለሁ እንጂ ምን እንደሚሠራ ጠይቄው አላውቅም። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት እንኳ በእሱ ጉትጎታ ነው። በ2006 ዓ.ም. በሞት ሲለየን ዕውቀቱም አብሮት ሄደ። መኪናው ሁለት ክረምት ግቢ ውስጥ ቆሞ ዝናብ ወረደበት። ዘመድ አዝማድ ሁሉ «ለቁርጥራጭ ብረት ሽጭው» ይለኝ ነበር። ልጆቼ ግን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እዚያ ውስጥ ገብተው ያጠኑ ነበርና አልጨከንኩም።

እናም ጋራዥ ወሰድኩት። በልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥሬ የማገኘውን የሁለት ወር ደመወዝ ከፈልኩ። በደረሰኙ ላይ ከተዘረዘሩት ሥራዎች አንዱ «የነዳጅ ጎማ ተቀይሯል» ይላል። አመንኩ። የሞተሩን ክዳን ከፍቼ አላየሁም፤ ማየትም የእኔ ሥራ አልመሰለኝም።

ሞጆን እንዳለፍን ከኋላ አልጋው ላይ ጋደም ብላ የነበረችው የ14 ዓመት ልጄ፣ «እማዬ፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» አለችኝ። የዚህ መኪና ሞተር የሚገኘው ከኋላ፣ ልክ ልጆቹ ከሚተኙበት ሥር ነው። ዳር ይዤ አቆምኩ፤ ሞተሩን አጥፍቼ ልጆቹን አወረድኩ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አይቶን ቆመ። ክዳኑን ሲከፍተው ቀጭኑ የነዳጅ ጎማ በእርጅና ተሰነጣጥቆ፣ ቤንዚኑ በጋለው ሞተር ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሰውየው አንገቱን እየነቀነቀ፣ «እትዬ፣ ይህ ጎማ ከመኪናው ጋር የተወለደ ነው፤ ማንም አልነካው» አለኝ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ከራሱ ዕቃ መያዣ አዲስ ጎማ ቆርጦ በሁለት ፋሸታ አሰረልኝ። ገንዘብ ብሰጠው አልቀበልም አለ።

የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያበሳጨኝ ያታለለኝ ጋራዥ ብቻ አልነበረም። በቤቴ ውስጥ የወጡን ጨው፣ የልጆቼን ትኩሳት፣ የወር አስቤዛውን በዓይኔ ሳላይ የማላልፍ ሴት፣ ልጆቼን የማስተኛበትን ሞተር አንድ ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብዬ አለማየቴ ነው።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መካኒክ ዘንድ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ አይሥሩልኝ፤ ያስተምሩኝ» አልኳቸው። እሳቸውም እሁድ ጧት እየመጡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡናቸውን እየጠጡ ይነግሩኛል፤ እኔ እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። መጀመሪያ ያስለወጡኝ የነዳጁን ጎማ በሙሉ ነው። ቀጥሎም የዱቄት እሳት ማጥፊያ አስገዙኝ። የዚህ ሞተር አካል ከማግኒዥየም ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ፣ እሳት ከያዘው ውኃ መድፋት ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። ጀነሬተሩን የሚያዞረው ቺንጋ የማቀዝቀዣውንም ማራገቢያ ያዞራል። ስለዚህ ቀይዋ የቻርጅ መብራት በጉዞ ላይ ከበራች «ባትሪ ነው፣ እስከ ከተማው ይደርሳል» ተብሎ አይነዳም፤ ወዲያው ቆሞ ቺንጋውን ማየት ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መርገብ አለበት። ዘይቱ 2 ሊትር ተኩል ሲሆን፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይረዋለሁ፤ ወንፊቱንም አውጥቼ አጥባለሁ። ቫልቮቹን የማስተካክለው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በቀዘቀዘበት ጧት ነው። ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የመለኪያዋን ቀጭን ብረት ስስባት እንደ መያዝ ብላ ማለፍ አለባት። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ዛሬ ከቁርስ በፊት እጨርሰዋለሁ።

የቤቱን ወገን ለመጠገን ግን አስተማሪ አላስፈለገኝም። የጣራውን ሸራ ስፌቱን በምላጭ ፈትቼ፣ አሮጌውን እንደ ልክ አድርጌ አዲስ ቆረጥኩና በወፍራም መርፌ ደራርቤ ሰፋሁት። ውኃ የሚገባው በመርፌው ቀዳዳ ስለሆነ ስፌቱ ላይ ሰም አሸሁበት። ፍራሹ እየራሰ ሲያስቸግረን ደግሞ ወንዱ ልጄ ከውጭ በጆግ ውኃ ሲያፈስ፣ እኔ ውስጥ ሆኜ በባትሪ ብርሃን ተከታተልኩ። ውኃው የሚንጠባጠበው አልጋው ላይ ቢሆንም የሚገባው ከፊት ባለው መስኮት በደረቀው ጎማ በኩል ኖሯል። የውኃ መግቢያውና መውጫው አንድ እንዳልሆነ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። ጎማውን ለወጥኩ፤ የበሰበሰውን ኮምፖርሳቶም ቀየርኩ። የወለሉን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ፀረ ዝገት ቀለም ቀባሁት።

የማልነካውም ሥራ አለ። ፍሬን የባለሙያ ነው። የብረት ብየዳም እንዲሁ፤ በተለይ በነዳጅ ታንከሩ አጠገብ። ቡታጋዙን ግን ማንም እናት ልትፈትሸው ትችላለች። መፈተሻውም ክብሪት ሳይሆን የሳሙና አረፋ ነው፤ ጋዝ የሚያመልጥ ከሆነ አረፋው ኩፍ ኩፍ ይላል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ከተሸተተ በሩን ከፍቶ መውጣት እንጂ መብራት እንኳ ማብራት አይገባም። በተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ ለሙቀት ብሎ ከሰል ማቀጣጠል ማለት የማይሸት መርዝ እየተነፈሱ መተኛት ነው። የመኪናው የራሱ ማሞቂያም ሙቀቱን የሚያገኘው ከጭስ መውጫው አጠገብ ስለሆነ፣ ብረቱ ከዛገ ጭሱን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ማሞቂያው ሲከፈት ራስ ምታት ከጀመራችሁ ዘግታችሁ መስኮት ክፈቱ፤ ብረቱም ይታይ።

ዕቃ የምፈልገው ሶማሌ ተራ ነው። አሮጌውን ዕቃ በከረጢት ይዤ እሄዳለሁ፤ በቃል ብናገር የማይሆን ይሰጡኛል፤ ዕቃውን ከፊታቸው ሳስቀምጠው ግን ክርክሩ ያጥራል። የዚህ ዓይነት ኮምቢ ሥራ በጀርመን በ1979፣ በብራዚል ደግሞ በ2013 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቢቆምም ዕቃው ፈጽሞ አልጠፋም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ሲነገር፣ «ሽጭው» ይሉኝ የነበሩት ዘመዶቼ «ደግ አደረግሽ» ማለት ጀመሩ። እኔ ግን ያኖርኩት ለዋጋው አይደለም።

እኅቶቼ፣ ሁላችሁም አሮጌ ኮምቢ የላችሁም። የሚያፈስ ቧንቧ፣ የሚሞቅ የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ ያረጀ የቡታጋዝ ጎማ ግን የሌላት ማን ናት? ሠራተኛ ጠርታችሁ ስታሠሩ የወጣውን አሮጌ ዕቃ አሳዩኝ በሉ። ይህን መጠየቅ ሰውን መጠራጠር አይደለም፤ የተከፈለበትን ሥራ ማወቅ ነው። ሐቀኛ ባለሙያም ደስ ብሎት ያሳያል።

በመኪናው ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተሠራውን ሥራ እንጽፍበታለን። ዛሬ መኪናውን እየነዳች ላንጋኖ የምትወስደን ያቺ ቤንዚን የሸተታት ልጄ ናት። ባለፈው ጉዞ ዋዜማ ማታ ደብተሩን ስከፍት በእጅ ጽሕፈቷ የሚከተለውን አገኘሁ፤ «የነዳጅ ጎማ፦ በዓይኔ አየሁት፤ ደህና ነው።»