ካሜራው ወዴት ይዙር?

በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ኑሮን ከምናሸንፍባቸው መንገዶች አንዱ መኖሪያ ቤትን መሥሪያ ቤት ማድረግ ነው። እንጀራ ጋግሮ መሸጥ፣ ሕፃናት መያዝ፣ ጸጉር መሥራት፣ ልብስ መስፋት፤ ይህ ሁሉ የሚካሄደው ተኝተን በምንነሣበት ጣራ ሥር ነው። ሱቅ ለመከራየት አቅም ያነሰው ሰው ሳሎኑን ሱቅ ያደርጋል፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ግን ቤቱ የብቻው መሆኑ ያበቃል። ደንበኛ ይገባል፣ ሠራተኛ ይገባል፣ ዕቃ አድራሽ በር ያንኳኳል፤ ሌባም ወሬውን ይሰማል። በመሆኑም የጥበቃ ካሜራ ወደ ቤታችን መግባቱ አያስደንቅም። እኛን በጥሞና ያነጋገረን ጥያቄ ከገባ በኋላ ፊቱን ወዴት ያዞራል የሚለው ነበር።

ጥያቄው የተነሣው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አራት ተማሪዎች ሆነን ምድር ቤቱን በተከራየነው ቤት ነው። እትዬ ብለን የምንጠራቸው ባለቤቷ ከላይ በወጥ ቤታቸው ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥደው እንጀራ ይጋግራሉ። ሐሙስና ዓርብ ቤቱ በእርሾ ሽታ ይሞላል፤ ለፈተና ስናጠና እንኳ አክንባሎው ሲከደንና ሲነሣ ይሰማናል። ባለፈው ክረምት ከደጃፍ የተራገፈ ሁለት ከረጢት የጤፍ ዱቄት ተሰረቀ። ብዙም ሳይቆይ ከወጥ ቤቱ መሳቢያ የሽያጭ ገንዘብ ጎደለ ተባለ። የዱቄቱን ነገር የውጭ ሌባ እንዳደረገው ማንም አልተጠራጠረም። የገንዘቡ ጥርጣሬ ግን ወዲያው በአንዲት ሰው ላይ ዐረፈ፤ ሊጡን በምታቦካውና እንጀራውን በምታወጣው ረዳታቸው ላይ። እትዬ አራት ካሜራ ገዝተው መጡና «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ስቀሉልኝ» አሉን። አንዱ ለፊት በር፣ አንዱ ለጓሮ፣ ሁለቱ ለወጥ ቤት።

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያው አመጣጥ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። ለመኖሪያ ቤት የሚሆን የካሜራ ጥበቃ የፈለሰፈችው ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል፣ በኒውዮርክ ኩዊንስ ትኖር የነበረች ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ናት። ፖሊስ ተጠርቶ ቶሎ በማይደርስበት ሰፈር ከባሏ ጋር ሆና ያቀደችውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1966 ለባለመብትነት አቀረበች፤ በ1969 ጸደቀላት። በበሩ ላይ በተለያየ ከፍታ ቀዳዳዎች አሉ፤ ካሜራው ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተተ በቀዳዳዎቹ ይመለከታል፤ ምስሉ መኝታ ቤት ባለ ቴሌቪዥን ይታያል፤ የቆመውን ሰው ማነጋገርና ከዚያው ሆኖ በሩን መክፈት ይቻላል። ልብ በሉ፣ ውድ አንባቢያን፤ ያ ካሜራ የሚያየው ወደ ውጭ ነው። ፈርታ ቤቷ የተቀመጠች ሴት በደጇ የቆመውን እንድታይ የተሠራ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ሲሰቀል ግን ባለ ዓይኑም የሚታየውም ይለወጣሉ።

በመካከላችን የተፋፋመ ክርክር ተነሣ። ከእኛ አንዱ «ካሜራው ሠራተኛዋንም ይጠብቃታል፤ ንጹሕ ከሆነች ምስሉ ይመሰክርላታል» አለ። ይህ በቀላሉ የሚጣል አሳብ አይደለም። ሕፃናት በሚያዙበት ቤት ለምሳሌ፣ ወላጅም ሞግዚትም ዐውቀው የተስማሙበት ካሜራ ብዙ ክስ ያበርዳል። ነገር ግን በወር ደመወዝ የምትኖር ሴት ንጽሕናዋን በየደቂቃው እንድታስመሰክር፣ ባለቤቷ ግን ምንም እንዳይጠየቁ የሚያደርግ አሠራር ፍርዱን ከምስክሩ በፊት የሰጠ ነው ብለን ተከራከርን።

ክርክሩን የቋጨችው ግን ረዳቲቱ ራሷ ናት። እጇን ከሊጡ ሳታወጣ «እትዬ፣ ቤይሩት ሳለሁ ወጥ ቤቱ ውስጥ ካሜራ ነበረ» አለች። «ውኃ ስጠጣ እንኳ ቀና ብዬ አየው ነበር። እመቤቲቱ ከሥራዋ ሆና በስልክ ‹ለምን ተቀመጥሽ› ትለኝ ነበር። እርስዎ ቤት የመጣሁት ያንን ልረሳ ነው።» በሊባኖስ በከፋላ ሥርዓት የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ በመሆኑ ካሜራው ያለውን ትእዛዝ መጣስ አገሩን መልቀቅ ሊሆን ይችላል። እትዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ልጄ፣ አንቺን ብዬ አይደለም» ቢሉም፣ እሳቸውንም እኛንም ያሳመነ አልነበረም።

ሌላም ነገር ነበረ። ካሜራዎቹ ድምፅ ይቀዳሉ፤ በሜሪላንድ ሕግ ደግሞ የሰዎችን የግል ንግግር ሁሉም ተናጋሪዎች ሳይስማሙ መቅዳት ወንጀል ነው። በአውሮፓ ያላችሁ አንባቢያን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 2014 የወሰነውን ማወቅ ይጠቅማችኋል፤ የመኖሪያ ቤት ካሜራ የሕዝብ መንገድን ከቀዳ ጉዳዩ የግል ጓዳ ነገር መሆኑ ይቀርና በመረጃ ጥበቃ ሕግ ሥር ይወድቃል።

ምስሉ የሚቀመጥበትም ቦታ አቢይ ጉዳይ ነው። የሪንግ ካሜራ ባለቤት የሆነው አማዞን በ2022 አስቸኳይ ነው በሚል ምክንያት፣ በዚያው ዓመት 11 ጊዜ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ለፖሊስ ምስል መስጠቱን አምኗል። በ2023 ደግሞ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አንድ የሪንግ ሠራተኛ የሴት ደንበኞችን የመኝታና የመታጠቢያ ቤት ምስል ይመለከት ነበር ብሎ ከሶ፣ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ዓርብ ማታ በእትዬ ደጃፍ ከሚሰለፉት መካከል የጥገኝነት ጉዳያቸው ያልተቋጨላቸው አሉ። በ2014 የኢሳት ጋዜጠኞች በስደት ባሉበት አገር በስለላ ሶፍትዌር መታደናቸው በጥናት የተጋለጠበትን ጊዜ ለሚያስታውስ ሰው፣ ማን እንጀራ እንደገዛና ከማን ጋር እንደመጣ የሚያሳይ መዝገብ በማናውቀው ሰው እጅ መሆኑ ቀላል አይደለም።

በመጨረሻ የፊቱንና የጓሮውን ሰቀልን። የፊቱን ዝቅ አድርገን ደረጃውን ብቻ እንዲያይ አደረግነው፤ ድምፁን ዘጋን፤ ምስሉ እቤት ባለ ካርድ ላይ ተቀድቶ በሰባተኛው ቀን አዲሱ በአሮጌው ላይ እንዲጻፍ ተደረገ። በበሩ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ካሜራ መኖሩን ጻፍን። እትዬ «አንዱን እንኳ ለመሳቢያው» ብለው ሁለት ቀን ተሟገቱን፤ በሦስተኛው ቀን ሁለቱን ወደ ገዙበት መለሱ።

የጎደለው ገንዘብ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ማን እንደወሰደውም አልታወቀም። በተመለሰላቸው ገንዘብ እትዬ ባለ ሁለት ቁልፍ የብረት ሣጥን ገዙ፤ ሁለቱም ካልገቡ አይከፈትም። አንዱ ቁልፍ በእትዬ አንገት ላይ ነው፣ አንዱ በረዳታቸው የሽርጥ ኪስ። ዓርብ ማታ አብረው ቆጥረው፣ በደብተር ላይ ሁለቱም ይፈርማሉ።