በነአኩቶ ለአብ መንገድ፦ ውሃ፣ ማገዶና የእናቶች ድካም

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ፣ ከገደል ሥር በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የተሠራውን የነአኩቶ ለአብን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ነአኩቶ ለአብ የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅና በ13ኛው መቶ ዓመት የነገሠ የዛጉዌ ንጉሥ ነው። ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ በተቦረቦሩ ድንጋዮች ይጠራቀማል፤ ምእመናንም በጠበልነቱ እንፈወሳለን ብለው ያምናሉ።

ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ዋሻውን፣ የብራና መጻሕፍቱንና መስቀሎቹን አይቶ ይመለሳል። በዛሬው ጽሑፋችን ግን አንባብያን ልብ እንዲሉልን የምንሻው፣ በላስታ መንገዶች ላይ ውሃ አዝለውና ማገዶ ተሸክመው የሚያልፉትን እናቶችና ልጃገረዶች ነው።

ላስታ ተራራማ አገር ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4200 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለ አገር ብዙ ጊዜ ምንጩ ከሸለቆ፣ መኖሪያው ከአፋፍ ነው። ባዶ እንስራ ይዞ መውረዱ ቀላል ነው፤ ጉልበት የሚጨርሰው ሞልቶ መውጣቱ ነው።

ማገዶም ከዚህ አይሻልም። ጥዱና ወይራው ለእርሻ፣ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ሲመነጠር ኖሮ፣ የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ነው። እንጨቱ በራቀ ቁጥር እናት ፊቷን ወደ ኩበት ትመልሳለች። ኩበቱ ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል፤ ፍግ ያጣ መሬት ምርቱ ይቀንሳል፤ ምርቱ ሲቀንስ ደግሞ ተጨማሪ ዳገት ይታረሳል፤ አፈሩም በጎርፍ ይሄዳል። እንግዲህ የመሬቱ መራቆትና የጓዳው ችግር አንድ ነገር መሆናቸው ከዚህ ላይ ይታያል።

ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ምእመን የሚመገበው እንጀራና የሚጠጣው ጠላ የሚሰናዳው በዚሁ ውሃና በዚሁ ማገዶ ነው። እንግዳው ለአልጋ የከፈለው ገንዘብ ከመዝገብ ይገባል፤ ውሃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም የጠፋው ሰዓት ግን አይጻፍም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም ጦርነቱ ጎብኚውን ሲያርቁት የከተማይቱ ገቢ ደረቀ። የእናቶች ሥራ ግን አንድ ቀን እንኳ አላረፈም።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። የዴንማርክ ተወላጅ የሆኑት የኢኮኖሚ ሊቅ ኤስተር ቦዘሩፕ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የልማት ዕቅዶች የሴቶችን ሥራ ሳያዩት እንደሚያልፉ አስረድተዋል። በጎረቤታችን በኬንያም ዋንጋሪ ማታይ በ1977 እ.ኤ.አ. በጀመሩት የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ፣ የገጠር ሴቶች ተክለው ላጸደቁት ችግኝ አነስተኛ ክፍያ ያገኙ ነበር። ክፍያው ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው መሆኑ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ችግኝ የሚጸድቀው ውሃ በሚያጠጣና ከከብት በሚጠብቅ እጅ ነውና።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ ከቤት ማገዶ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስደው የእንጀራ ጋገራ ነው። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን እኩሌታ ያህል ሊቆጥብ ይችላል፤ ዐይን የሚያጠፋውንም ጭስ ይቀንሳል። አባወራዎች ለበሬና ለማረሻ እንደሚያስቡ ሁሉ ለዚህም ገንዘብ መመደብ ይገባቸዋል። ሁለተኛ፣ በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ጀምሮ የባልና የሚስት ስም በአንድነት የሰፈረበት የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ ቆይቷል። እንግዲያስ በዚያ መሬት ላይ የሚተከለው ዛፍ የእርሷም ነው፤ ሲቆረጥም ሲሸጥም ምክሯ ሊጠየቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ ምንጭ ሲጎለብትና ቧንቧ ሲዘረጋ ቦታውን የሚመርጡት የሚቀዱት ሴቶች ይሁኑ።

እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ መንገድ ተጠረገ ሲባል ደስ ይለናል። ከዚሁ ጋር ግን ሥራው ለአንዲት የላስታ እናት ስንት እርምጃ አሳጠረላት ብለን እንጠይቅ። መልሱን ከሪፖርት ሳይሆን ከራሷ እንስማው።