የአንድ ቀን ሚዛን

ሰውን መመዘን እህልን እንደ መመዘን አይደለም። ዛሬ አንድ ኩንታል የመዘነ ጤፍ ነገም ያው አንድ ኩንታል ነው፤ ሰው ግን፥ ይልቁንም ወጣት፥ ዛሬ የታየበት ልክ የነገ ልኩ አይሆንም። ይህን ቃል የማያውቅ መምህርም ሆነ ሹም የለም። ሆኖም ተማሪ በአንድ ፈተና፥ ሥራ ፈላጊ በግማሽ ሰዓት ጥያቄ፥ አዲስ ሠራተኛም በመጀመሪያው ወር አሠራሩ ሲመዘን ቃሉ ይዘነጋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ወጣት እንዴት እንዳደገ፥ ብርታቱና ጉድለቱ ምን እንደ ነበረ፥ መዛኞቹም እንዴት እንደ ሳቱ ለመመርመር አሰብን።

ታሪኩ የተፈጸመው ከአገራችን ርቆ፥ በበረዶ ላይ ነው፤ ባለታሪኩም የሆኪ በረኛ ነው። እኛም ጨዋታውን ያየነው በፊልም ብቻ ነው። አንባቢ «እኛንና የበረዶ ሆኪን ምን አገናኘን?» እንዳይለን አስቀድመን ጨዋታውን በአጭሩ እናስረዳለን።

የበረዶ ሆኪን ለመረዳት የገናን ጨዋታ ማሰብ ይበቃል። እንደ ገና ሁሉ ተጫዋቾቹ ጫፉ የታጠፈ በትር ይይዛሉ፤ ሜዳቸው ግን ሣር ሳይሆን እንደ መስተዋት የለሰለሰ በረዶ ነው፤ የሚሮጡትም ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ ነው። በሩር ፈንታ የሚመቱት ፓክ የሚባል ክብና ጠፍጣፋ ጠንካራ ጐማ ነው። ክብደቱ ከ170 ግራም አይበልጥም፤ በኃይል ሲመታ ግን በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። በየወገኑ አምስት ተጫዋቾች ሲሯሯጡ ስድስተኛው ወርዱ 1 ሜትር ከ83፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር በሆነ ግብ ፊት ይቆማል። አጥቂ ዐሥር ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ ይጨበጨብለታል። በረኛ ግን ሠላሳ ጊዜ መልሶ አንድ ጊዜ ቢያመልጠው በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ያመለጠው ነው። እንግዲህ ጉድለቱ በአደባባይ እየተቈጠረ የሚኖር ሠራተኛ ቢፈለግ ከእሱ የሚቀድም አይገኝም።

ቭላዲስላቭ ትሬትያክ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1952 በሞስኮ አካባቢ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ የጦር አውሮፕላን አብራሪ፥ እናቱ የስፖርት መምህርት ነበሩ። በ11 ዓመቱ ሲ.ኤስ.ኬ.ኤ. ወደሚባለው የጦር ሠራዊቱ የስፖርት ክበብ የልጆች ትምህርት ቤት ገባ። በረኛ የሆነው ተሰጥዎ ታይቶለት አልነበረም። የጨዋታው ልብስ ለልጆቹ ሁሉ አልደረሰም ነበርና፥ በረኛ ለመሆን የሚፈቅድ ልጅ ጠፍቶ ሳለ፥ እውነተኛ ልብስ ከተሰጠኝ እኔ እሆናለሁ ማለቱን በኋላ ራሱ ተርኳል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ይህ ልጅ ግን አስቀድሞ ጠመጠመ፤ ትምህርቱ በኋላ መጣ። በዚያን ቀን ችሎታውን የመዘነ ሰው ቢኖር ኖሮ በሚዛኑ ላይ ከልብስ ፍቅር በቀር ምንም ባላገኘ ነበር።

ትምህርቱን ያመጡለት አናቶሊ ታራሶቭ የሚባሉት ታላቅ አሠልጣኝ ናቸው። በ1967 ልጁ ገና የ15 ዓመት ወጣት ሳለ ከዋናው ቡድን ጋር እንዲለማመድ ጠሩት፤ ልምምዱም በቀን ሦስት ጊዜ ሆነ። እጁ እንዲፈጥን የቴኒስ ኳስ ሰጥተው በሄደበት ሁሉ ይዞ እየወረወረ እንዲቀልብ አዘዙት። ከጨዋታ በኋላም ያመለጠው ፓክ ለምን እንዳመለጠው እንዲመረምር ያስገድዱት ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንወዳለን። አሠልጣኙ ጉድለቱን አልሸሸጉለትም፤ ነገር ግን ጉድለቱን የነገሩት የነገ ሥራው እንዲሆን እንጂ የዕድሜ ልክ ስሙ እንዲሆን አልነበረም።

ልፋቱ ፍሬ ሰጠ። 18 ዓመት ሳይሞላው በ1970 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የሶቪየት ቡድን አባል ነበረ። በ1972 የካቲት በጃፓን አገር በሳፖሮ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በ19 ዓመቱ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ብርታቱ በእግሩ ፍጥነት፥ ወድቆ ወዲያው በመነሣቱ፥ ይልቁንም በመንፈሱ ጸጥታ ነበር። ጉድለትም ነበረበት። ያደገበት አጨዋወት ፓኩን ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበሉ የማያጠራጥር ቦታ ሲገኝ ብቻ መምታትን የሚወድ ስለ ነበረ፥ እንደ ካናዳውያን ከሩቅም ከቅርብም ሳያቋርጥ የሚደበድብ አጥቂ እምብዛም አልለመደም።

በዚያው ዓመት መስከረም የካናዳ ምርጥ ፕሮፌሽናሎች ከሶቪየት ብሔራዊ ቡድን ጋር ስምንት ጊዜ ሊጋጠሙ ተስማሙ። አራቱ ጨዋታ በካናዳ፥ አራቱ በሞስኮ የሚደረግ ነበር። ካናዳውያን የተቃራኒያቸውን አቋም የሚያጠኑ ሁለት ሰዎች ወደ ሶቪየት ኅብረት ላኩ። ሰዎቹም ትሬትያክ በተጫወተበት አንድ ግጥሚያ ላይ ተገኙ። በዚያን ቀን ጐሉ በላይ በላይ ገባበት፤ እነርሱም ይህ በረኛ ደካማ ነው ብለው ጽፈው ተመለሱ። ያልጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ወጣቱ በማግሥቱ ሙሽራ ነበረ። አሳቡ ሁሉ በሰርጉ ላይ እንጂ በግቡ ላይ አልነበረም።

ሰዎቹ ዋሹ ለማለት አንደፍርም። ያዩት እውነት ነው፤ ጐሎቹም በእርግጥ ገብተዋል። ነገር ግን ከእውነት አንዲቱን ቍራጭ አንሥተው ሙሉ እውነት ነች አሉ። ከጥቂት ወራት በፊት የተገኘው የሳፖሮ ወርቅ ከአንድ ሙሽራ ድንግዝግዝ ያነሰ ማስረጃ ሆኖ ተገኘ።

መስከረም 2 ቀን 1972 የመጀመሪያው ጨዋታ በሞንትሪያል ተደረገ። ከጨዋታው በፊት አንድ እንግዳ ሰው ከአስተርጓሚ ጋር ወደ ሶቪየቶች የልብስ ክፍል መጡ። ይህ ሰው በ1959 የፊት ጭምብልን አድርገው በመጫወት ለበረኞች ሁሉ መንገድ የከፈቱት ካናዳዊው በረኛ ዣክ ፕላንት ነበሩ። ሰሌዳው ላይ እየሣሉ የካናዳ አጥቂዎች እያንዳንዳቸው ከየት፥ እንዴት እንደሚመቱ ለወጣቱ አስረዱት። ትሬትያክ ይህን ያደረጉበትን ምክንያት እስከ መጨረሻው አልተረዳሁትም፤ ምናልባት አዝነውልኝ ይሆናል ሲል ጽፏል። እኛ ግን የሙያ ፍቅር ከወገን አጥር በላይ እንደሚያይ ከዚህ እንማራለን። ሁለቱ ተመልካቾች የወጣቱን ጉድለት አይተው ናቁት፤ አዛውንቱ በረኛ ያንኑ ጉድለት ገምተው አስተማሩት።

ጨዋታው በተጀመረ በ30ኛው ሰከንድ የመጀመሪያው ጐል በትሬትያክ ላይ ገባ። ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለተኛው ተከተለ። በዚያች ሰዓት ሚዛኑን አንሥቶ የሄደ ሰው ቢኖር ተመልካቾቹ እውነት ተናገሩ ባለ ነበር። ሲፈጸም ግን ሶቪየቶች 7 ለ 3 አሸነፉ።

በማዶው ግብ የቆመውም ወጣት የሚያስተምረን አለ። ኬን ድራይደን የሕግ ተማሪ ሳለ በ1971 ስድስት የሊግ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ የስታንሊ ዋንጫን ለሞንትሪያል ያስገኘ በረኛ ነበር። ብርታቱ ከግቡ ወደ ፊት ወጥቶ ለአጥቂው ክፍተት መንፈግ ነበር። ሶቪየቶች ግን ከመምታት ይልቅ ወደ ጎን ስለሚያቀብሉ ወደ ፊት በወጣ ቍጥር ግቡ ከኋላው ባዶ ቀረ። በአገሩ ብርታት የነበረው በዚህ ጨዋታ ጉድለት ሆነበት። በቫንኩቨር ሲሸነፉ የገዛ አገሩ ሕዝብ ጮኸባቸው። ድራይደን ግን ወደ ግቡ ቀረብ ብሎ መቆምን ተማረና በሞስኮ ስድስተኛውንና ስምንተኛውን ጨዋታ አሸነፈ። መስከረም 28 ቀን በመጨረሻው ጨዋታ 34 ሰከንድ ሲቀር ካናዳውያን 6 ለ 5 የሆነውን ጐል አገቡ። ትሬትያክ መጀመሪያ የመጣውን መልሶ ነበር፤ ተመልሶ የወደቀው ፓክ ነው ግብ የሆነው።

ይህ የተመላሽ ፓክ ጣጣ ከስምንት ዓመት በኋላም አገኘው። የካቲት 22 ቀን 1980 በሌክ ፕላሲድ ኦሊምፒክ ከአሜሪካ ወጣቶች ጋር ሲጫወቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ አንድ ሰከንድ ሲቀር ከሩቅ የተመታውን ፓክ መለሰ፤ የተመለሰውን አንድ አሜሪካዊ አገባው። አሠልጣኙ ቪክቶር ቲኾኖቭ ወዲያው ከሜዳ አስወጡትና ሌላ በረኛ ተኩ። አሜሪካኖች 4 ለ 3 አሸነፉ። ቲኾኖቭ በኋላ ውሳኔያቸው ትልቅ ስሕተት እንደ ነበረ ተናግረዋል። እነዚያ ተመልካቾች በአንድ ቀን መዘኑት፤ እኒህ ደግሞ ዐሥር ዓመት ያህል የሚታወቀውን ሰው በአንድ ሰከንድ መዘኑት።

እሱ ግን አልተሰበረም። በ1981 በካናዳ ዋንጫ የውድድሩ ከሁሉ የላቀ ተጫዋች ተባለ፤ በ1984 በሳራዬቮ ለቼኮዝሎቫኪያ አንድ ጐል እንኳ ሳይሰጥ ሦስተኛ የኦሊምፒክ ወርቁን አገኘና በ32 ዓመቱ ጨዋታን ተወ። ከ1990 ጀምሮም ደካማ ነው ባሉት ሰዎች ሊግ ውስጥ ለቺካጎ ቡድን በረኞችን አስተማረ።

ወደ እኛ ሥራ ስንመለስ፥ ከዓመታት በፊት በአንድ የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ሳለን የአንድ ወጣት ማኅደር ቀረበልን። በመጨረሻው ገጽ «ደካማ» የሚል ቃል ተጽፎበት ነበር። ገጾቹን ወደ ኋላ ስንገልጥ የሦስት ዓመት ውጤቱ መልካም ነው። ኮሚቴው ያን ጊዜ ምን ነበር ብሎ ጠየቀው። ወጣቱም አንገቱን ደፍቶ፥ «አባቴን ሆስፒታል እያስታመምሁ ነበር የተፈተንሁት፤ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። ተቀጠረ፤ ሥራውም አላሳፈረንም። ጥያቄው አንዲት ደቂቃ አልፈጀም፤ ያቺ ደቂቃ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስትዘገይበት ኖራ ነበር።

ከዚህ የተነሣ ጉድለት ይሸሸግ፥ ፈተናም ይቅር አንልም። ጉድለቱ ያልተነገረው ወጣት አያድግም፤ ታራሶቭም ይህን ያውቁ ነበር። የምንለው ይህን ነው፤ «ደካማ» ብሎ ከመጻፍ በፊት በምን፥ መቼ፥ ከየት ተነሥቶ ተብሎ ይጠየቅ፤ ከጉድለቱም አጠገብ ብርታቱ ይጻፍ፤ የሚታረምበትም መንገድ ይመልከት። በረኛ ያመለጠውን በሚቀጥለው ጨዋታ ሊክስ ይችላል፤ በማኅደር ላይ የተጻፈ ቃል ግን ወጣቱን እስከ ሽምግልናው ይከተለዋል። ስለዚህ ሚዛን የያዘ ሰው እህሉን ብቻ ሳይሆን ሚዛኑንም ደግሞ ደጋግሞ ይመርምር።