የተለየው ጣሳ

በሐምሌ አገራችን በዝናብ ስትርስ ጅቡቲ ከተማ ካምሲን በሚባለው ትኩስ ነፋስ ትቃጠላለች። ከአሊ አዴ መጠለያ ወርደን በባልበላ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይተን፣ አምስት ሆነን በምንኖርበት በዚያ ወር ነው የአንዲት እኅታችን እግር ያበጠው። መጀመሪያ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያዛት። ምች ነው አልን፤ ግን ዳማ ከሴ እዚህ ከየት ይመጣል? ቆይቶ በሁለቱም አገዳዎቿ ላይ ቀያይ ቋጠሮዎች ወጡ። ቀሚሷ ሲነካቸው እንኳ ታቃስት ነበር። በሰው ቤት ታገለግል ስለነበረ አሠሪዋ እግሯን ባዩ ማግሥት አሰናበቷት።

የእኛንም መደበቅ አይገባም። ከመካከላችን በዕድሜም በትምህርትም የሚበልጠን ወንድማችን «የሥጋ ደዌ ቢሆንስ?» አለ። ያን ዕለት ማታ የእሷን ጣሳ ከእኛ ለይቶ በበሩ አጠገብ አስቀመጠው። ማናችንም አልተቃወምንም። እሷም ምንም ሳትል ከዚያ ጠጣች።

ሐኪም ቤት አንድ ሸምገል ያለ ነርስ ዓይኗን አስጨፍኖ ቆዳዋን በጥጥና በመርፌ ነካካ፤ የነካትን ቦታ ሁሉ አወቀች። በክርኗ በኩል የሚያልፈውንም ነርቭ ዳሰሰ፤ አልወፈረም። የሥጋ ደዌ ሕሙማንም አንዳንድ ጊዜ የሚያም ቀይ እብጠት ስለሚወጣባቸው፣ ሕመሙ ብቻ ማስረጃ አይሆንም ኖሯል። (ከእኛ አንዱ ልጅ ሳለ በ1965 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በተቋቋመው በአለርት ደጅ የሚያልፈው እየሮጠ እንደነበር ያን ቀን ነገረን።)

ሐኪሙ በፈረንሳይኛ «ኤሪቴም ኑዌ» አለው፤ ቀይ ቋጠሮ ብንለው ያስኬዳል። ሰውነት በሌላ ቦታ ከገባበት ጠላት ጋር ሲታገል ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ይቆጣል። ምክንያቱ የጉሮሮ ሕመም ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ጨርሶ አይገኝም። ነቀርሳ በበዛበት አገር ግን ሳንባ ሳይመረመር አይታለፍም። በክንዷ ቆዳ ውስጥ ትንሽ መርፌ ወጓት፤ በሦስተኛው ቀን ቦታው አብጦ ጠነከረ። ራጁም በሳንባዋ ሥር ያበጠ ዕጢ አሳየ።

«አብረዋት የሚኖሩ ሁሉ ይምጡ» ተባለ። አክታ ሰጠን። ባሲሉ የታየው በማን አክታ ውስጥ መሰላችሁ? ጣሳውን በለየው ወንድማችን። ከፋሲካ ጀምሮ ሲያስል የባልበላ አቧራ ነው ይለን ነበር። እሷን የያዛት በቅርቡ ስለሆነ ከእሱ ሳይሆን አይቀርም አሉን። ነቀርሳ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ ጣሳ ምንም አላደረገ።

ሕክምናው ለሁለቱም ስድስት ወር ነበር፦ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር ሪፋምፒሲንና ኢሶኒያዚድ። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ እንደሚያደርግ አላወቅንምና ደም መስሎን በሌሊት ተጯጯኽን። ለአገዳዋ ዕረፍት፣ እግር ከፍ አድርጎ መተኛትና የሕመም ማስታገሻ ብቻ ታዘዘላት። አንድ ጎረቤት ቶሎ ያሽራል ብሎ ኮርቲዞን ይዞ መጣ፤ ሐኪሙ ሲሰማ ተቆጣ፤ ነቀርሳው ሳይታከም ቢወሰድ ጠላቱን ያበረታል። ቋጠሮዎቹም እንደ በለዘ ሥጋ ከቀይ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ እየተለወጡ፣ ሳይፈርጡ በአምስት ሳምንት ጠፉ።

ጠዋት ጠዋት ሁለቱ አብረው ኪኒን ሊውጡ ይሄዱ ነበር። በመንገድ ምን ይነጋገሩ እንደነበር አልጠየቅንም። ይህን ከመጻፋችን በፊት ለሁለቱም አነበብንላቸው። እሱ ዝም አለ። እሷ ግን «የኒዶ ጣሳ እንደነበር ጻፉ» አለችን።