ጳጉሜን የማያውቅ ኮድ

ባለፈው ሳምንት አብራን የምትሠራ አንዲት ወጣት ፕሮግራመር ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ ጠየቀችኝ፤ "ይህን ሁሉ ኮድ ለምን ተሸከምነው? ከዚህ ፍሬምወርክ የምንጠቀምበት እኮ አንድ አምስተኛውን አይሆንም። የራሳችንን ብንጽፍ አይሻልም?" የሰጠኋት አጭር መልስ እኔንም አላረካኝ፣ እሷንም ያረካት አልመሰለኝም። ስለዚህ እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ሁሉንም ነገር ራሴ እጽፍ ነበር። መግቢያውን፣ የፓስወርድ ማስቀመጫውን፣ ከዳታቤዝ ጋር የሚነጋገረውን ክፍል፣ ሁሉንም። ፍሬምወርክ፣ ማለትም ሌሎች ያዘጋጁትን የኮድ መዋቅር፣ መጠቀም በተውሶ ልብስ ሠርግ እንደመሄድ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ስሟን በላቲን ፊደል የመዘገበች ደንበኛ፣ የ"ፀ"ን ድምፅ ለማሳየት ያቺን ከላይ የምትሰቀል ትንሽ ጭረት አስገባች። ገጹ ተበላሸ። ምክንያቱን ሳገኘው ደነገጥኩ። ያቺ ጭረት የዳታቤዙን ትእዛዝ መሐል ላይ ቆርጣዋለች። እሷ በቅንነት ስሟን ስትጽፍ የሆነውን፣ ሌላ ሰው ሆን ብሎ ቢያደርገው ኖሮ የሁሉንም ሰው መዝገብ መዝረፍ ወይም መደምሰስ ይችል ነበር። ፓስወርዶቹንም ያስቀመጥኳቸው ኤምዲ5 በተባለው ስልት ነበር። ደካማነቱ በባለሙያዎች ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል፤ እኔ ግን ብቻዬን ስለምሠራ የሚነግረኝ አልነበረም።

ላራቬልም ሆነ ጃንጎ የተባሉት ፍሬምወርኮች እነዚህን ጉድጓዶች ገና ከመነሻው ደፍነዋቸዋል። የደፈኗቸው ብዙ ሰው ወድቆባቸው ስለተነሣ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ "የራሴን ልጻፍ" ማለት ሌሎች የከፈሉትን ዋጋ እንደገና ልክፈል ማለት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ከፋዩ ጸሐፊው ሳይሆን አምኖ ስሙንና ገንዘቡን የሰጠው ሰው መሆኑ ነው።

ግን እያንዳንዱ ፍሬምወርክ የተወለደበት ቤት አለው። ጃንጎ የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሎረንስ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የአካባቢ ጋዜጣ ድረ ገጽ ክፍል ውስጥ ነው። ሬይልስ ቤዝካምፕ ከተባለው የሥራ ማስተባበሪያ ፕሮግራም ውስጥ ተቀድቶ በ2004 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ወጣ። የሠሯቸው ሰዎች የገጠማቸውን ችግር ፈትተው መፍትሔውን በልግስና ሰጡን፤ የኑሯቸው ልማድም አብሮ መጣ። የጃንጎ የተጠቃሚ መዝገብ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። በሁለተኛው ሳጥን የአባታችንን ስም እንጽፍና ሥርዓቱ በአባታችን ስም ይጠራናል።

ስሙ እንኳ ያልፋል። ቀኑ ግን ጎድቶናል።

በ2014 ዓ.ም. ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሥርዓት ሠራን። የብድር መክፈያ ቀን ሲሰላ እጃችን ላይ የነበረውን "አንድ ወር ጨምር" የሚል ትእዛዝ ተጠቀምን። ትእዛዙ የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ነው። መስከረም 5 የተበደረ ሰው ጥቅምት ላይ ያው 5 ወጣለት። ኅዳር ላይ ቀኑ 6 ሆነ፣ ጥር ላይ 7፣ የካቲት ላይ 8። ሥርዓቱ በነዚህ ቀኖች አስታዋሽ መልእክት ይልካል፤ አባላቱም መልእክቱን አምነው ይመጣሉ። ገንዘብ ያዧ ግን በወረቀት ያለውን የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ይዛ በየወሩ በ5 ነው ትላለች፣ ቅጣት ትቆርጣለች። ጉሊት ቸርቻሪ የሆኑ አንዲት እናት ሦስት ጊዜ ተቀጥተው አራተኛው ላይ ስልካቸውን አውጥተው መልእክቱን ለገንዘብ ያዧ አሳዩ። ስህተቱ የተገኘው እንዲያ ነው። ማኅበሩ ቅጣቱን መለሰላቸው። እኔ ግን ያን ቀን ሳስብ አሁንም ይከብደኛል፤ ኮዱን ያጸደቅሁት እኔ ነበርኩ።

ወጣቷ ባልደረባዬ ይህን ስነግራት "ይኸው! የራሳችንን መጻፍ ነበረብን" አለች። እዚህ ላይ ነው ያልተስማማነው። የዘመን አቆጣጠሩን መለወጫ ራሷ ልትጽፈው ፈለገች። ግን አይሲዩ የተባለው ብዙ ፕሮግራም የሚጠቀምበት ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከነአሥራ ሦስት ወሩ ያውቀዋል። የትም አገር ያለ ኮድ የማያውቀው፣ ማኅበሩ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አንድ ወር አድርጎ እንደሚቆጥር ነው። ያ ደንብ በስብሰባ የተወሰነ የአባላቱ ሐሳብ ስለሆነ፣ ያን መጻፍ የእኛ ሥራ ነው።

ዲዛይን ፓተርን የረዳኝም እዚህ ነው። ፓተርንና ፍሬምወርክ ሲምታቱ እሰማለሁ። ኤሪክ ጋማና ሦስት ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. 23 ፓተርኖችን በመጽሐፍ ሲያወጡ፣ ያስተማሩት ችግሩ ሲደጋገም መፍትሔው የሚይዘውን መልክ ነው። ኮዱን ሁሉም ለራሱ ይጽፋል። ባሕረ ሐሳብ የተባለውን የዘመን ስሌት የተማረ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። ጳጉሜ 6 የምትሆነው በሉቃስ ነው። መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ተማሪው ግን በራሱ እጅ እያሰላ ይማረዋል እንጂ የተሰላ አይቀበልም።

እኛም አዳፕተር የሚባለውን መልክ ወሰድን። ፍሬምወርኩ ባለበት ቆየ፤ በዳታቤዙ ውስጥ ቀኑ እንደ ፈረንጁ ይቀመጣል። በመሐል ከ200 መስመር የማይበልጥ የራሳችን ኮድ ገባ፤ መለወጡን ለአይሲዩ ይተዋል፣ የማኅበሩን ደንብ ግን እሱ ብቻ ይዞታል። ከ200ው አንድም መስመር ማብራራት የማንችለው የለም። ቀሪውን የተሸከምነውን ኮድ በተመለከተ ግን ጥያቄዋ ትክክል ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሌፍትፓድ የተባለች 11 መስመር ኮድ ኤንፒኤም ከተባለው የኮድ ማከማቻ ስትነሣ በዓለም ዙሪያ ስንት ሥራ እንደቆመ አይተናል። ስለዚህ የማንጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች አንድ በአንድ እያየን እንድናወጣ ሥራውን ለእሷ ሰጥቻታለሁ።

የቀኑን ኮድ መፈተሻም የጻፈችው እሷ ናት። የመረጠችው ቀን ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ። በማግስቱ መስከረም 1 እንደወትሮው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ይውላል። ኮዱ ፈተናውን አልፏል። እውነተኛው ቀን ሲደርስ ግን ሁለታችንም ቢሮ ገብተን፣ ለአባላቱ የሚወጣውን የመጀመሪያ መልእክት ከደንቡ ወረቀት ጋር ልናመሳክር ተስማምተናል።