ጎልፍን ያስወደደው ምንድን ነው?

ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው ይባላል። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም ተማሪዎቻችን «ለምን?» ብለው ሲጠይቁን «ሀብታሞች ስለሚጫወቱት ነው» ብሎ መመለስ ጥያቄውን ማድበስበስ ይሆንብናል። ስለዚህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ጨዋታው ራሱ ቀላል ነው። ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ፣ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ነው። የአገራችንን የገና ጨዋታ ያየ ሰው ዱላና ኳስ ማንንም እንደማያደኸዩ ያውቃል። እርግጥ ነው፣ የጎልፍ ተጫዋች በሕጉ መሠረት እስከ 14 ዱላ መያዝ ይችላል፤ ሙሉው ዕቃ በአዲስነቱ ከተገዛም ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር ተነሥቶ ከሺህ በላይ ይደርሳል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተገዛ ዱላ ለዓመታት ያገለግላል።

ኳሱም ቢሆን ጥንት ውድ ነበር። ቆዳ ሰፍተው ላባ እየጠቀጠቁ ይሠሩት ስለነበር የሠለጠነ ባለሙያ እንኳ በቀን ከጥቂት ኳስ በላይ አያወጣም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1848 ገደማ ግን በማላያ ምድር ከሚበቅል ዛፍ ከሚፈስ ሙጫ ኳስ መሥራት ተጀመረ። ዋጋው ወረደ፤ ብዙ ተራ ሰዎችም ወደ ጨዋታው ገቡ።

ታዲያ ኳሱ ረክሶ ጨዋታው ስለምን ውድ ሆነ? መልሱ ከእግራችን ሥር ነው፤ መሬቱ ነው። ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሄክታር በላይ ይፈጃል። ይህም ወደ 70 የሚጠጉ የእግር ኳስ ሜዳዎችን ያህል ነው። በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ ሣሩ ይታጨዳል፣ ይጠጣል፣ ይጠበቃል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዱባይ እ.ኤ.አ. በ1988 ሙሉ በሙሉ ሣር የለበሰ የጎልፍ ሜዳ ተከፈተ። በበረሃ ላይ ያንን ሣር አረንጓዴ አድርጎ ለማቆየት ስንት ውሃ እንደሚፈስ ማሰብ አያዳግትም። የውዱእ ውሃ እንኳ እንዳይባክን እየተነገረን ላደግን ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጨዋታው በተወለደባት በስኮትላንድ ግን ነገሩ የተጀመረው እንዲህ አልነበረም። በባሕር ዳር ያለው አሸዋማ መሬት ለእርሻ አይሆንም፤ ሣሩን በጎችና ጥንቸሎች ይግጡታል፤ ሕዝቡም በነጻ ይጫወትበታል። እ.ኤ.አ. በ1457 የአገሪቱ ፓርላማ ጎልፍንና እግር ኳስን በአንድነት ከልክሎ ነበር፤ ወጣቶቹ የቀስት ልምምዳቸውን ትተው በጨዋታ ተጠምደው ነበርና። የጥቂት መኳንንት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ አዋጅ ባላስፈለገው ነበር።

በሴንት አንድሩስ ከተማ ያለው ጥንታዊ ሜዳ ዛሬም የሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የከተማው አስተዳደር መሬቱን ገዝቶ አስቀረው። እ.ኤ.አ. በ2024 እንግዳ ሰው በሰሞነ በጋ አንድ ዙር ለመጫወት 320 ፓውንድ ይከፍል ነበር፤ የከተማው ነዋሪ ግን በቅናሽ ዋጋ የዓመት ፈቃድ ያገኛል። እሑድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው ይቆምና ሜዳው ለመንሸራሸር ለሁሉም ክፍት ይሆናል። ወቅፍ ባይባልም፣ ለሕዝብ የተተወ መሬት ለትውልድ ምን እንደሚያተርፍ ያሳየናል።

እኛ ይህን የምንጽፈው ወገኖቻችን ጎልፍ እንዲጀምሩ ለመቀስቀስ አይደለም። ነገሩ የእኛንም ልጆች ስለሚነካ ነው። በልጅነታችን ከመድረሳ ስንወጣ የካልሲ ኳስ ይዘን የምንሮጥበት ባዶ ሜዳ ነበረን። ሳንቲም አልከፈልንበትም፤ ስለዚህም ዋጋ ያለው አይመስለንም ነበር። ዛሬ በአንዳንድ ሰፈር ያ ሜዳ ሕንፃ ሆኗል፤ ወጣቶች ኳስ ለመጫወት ገንዘብ አዋጥተው ሜዳ በሰዓት ይከራያሉ። ማዋጣት ያልቻለው ልጅ ከአጥር ውጭ ቆሞ ያያል። እግር ኳስም በአቅሙ የጎልፍን መንገድ ጀመረ ማለት ነው።

ውድ ወላጆች፣ ለልጆቻችን ኳስና ጫማ መግዛቱ መልካም ነው። ነገር ግን በሰፈራችን የቀረ ክፍት ቦታ ካለ ሽማግሌዎችና ወጣቶች ተሰባስበን፣ ከሌላ እምነት ጎረቤቶቻችንም ጋር ተማክረን፣ ቦታው በሕግ ለልጆች መጫወቻነት እንዲከለል ቀበሌውንና ወረዳውን እንጠይቅ። ከታጠረ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ሰሚ ማግኘቱ ያስቸግራል።