ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ፤ በመንገድ ስለሚሄደው የማቀዝቀዣ ሣጥን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማና በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ከደጋ ወደ ቆላ ይሻገራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስትሆን፥ አዋሽ ሰባት ግን 1,000 ሜትር ግድም ናት። ስለዚህ ጧት ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው ከቀትር በኋላ ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ ሲደርስ ጥላ ይፈልጋል። ሰውስ ለራሱ ይፈልጋል፤ በአውቶሞቢሉ ውስጥ ላለው ወተትና መድኃኒት ግን ባለቤቱ ካላሰበለት በቀር የሚያስብለት የለም።

እኛ በዚህ መንገድ የሄድነው መኝታና ማድቤት ባለው አውቶሞቢል፥ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አክስቴን ይዘን ነው። መድኃኒታቸው ኢንሱሊን፥ ብልቃጡ ሳይከፈት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ነው። ሙቀት ኃይሉን ያደክመዋል፤ በረዶ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይረባም።

የእኛ ሣጥን ሞተር የሌለው፥ በጋዝ እሳት ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት ነው። ይህንንም በ1922 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በስቶክሆልም ሁለት የስዊድን ተማሪዎች፥ ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ አወጡት። በእሳት ብርድ ማግኘት ለሰሚው ተረት ይመስላል። እሳቱ በውሃ የተሟሟውን አሞንያ አፍልቶ ያወጣዋል፤ አሞንያውም በጀርባ ባለው ቧንቧ ሙቀቱን ለነፋስ ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያም ወደ ውስጥ ገብቶ ሲተን የምግቡን ሙቀት ይወስዳል። እንግዲህ ሣጥኑ ሙቀትን ተሸክሞ በጀርባው የሚያወጣ ሠራተኛ ነው እንጂ ብርድን የሚፈጥር አይደለም። ብዙ ሰው ግን ሣጥኑ በለዘበ ጊዜ ጀርባውን ሳያይ መዘውሩን ብቻ ይጠመዝዛል።

በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የጋዙ እሳት ይደክማል። ስለዚህ ከመነሣታችን አንድ ቀን አስቀድመን በቤት ኤሌክትሪክ አቀዘቀዝነው፤ የሚገባበትም ምግብ ሁሉ ቀዝቅዞ ያደረ ነበር። በመንገድ ላይ በአውቶሞቢሉ ባትሪ ሠራ።

ከመተሐራ አጠገብ፥ ውሃው ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ባስጨነቀው በበሰቃ ሐይቅ አካባቢ፥ በ9 ሰዓት ስንቆም የሙቀት መለኪያው 11 ዲግሪ አሳየ። አክስቴም፦ «ልጄ፥ እኔን ጥላ ከማስቀመጥህ በፊት መድኃኒቴን አስቀምጥልኝ» አሉኝ።

ነገር ግን የግራሩ ጥላ ያለው በተዳፋት ላይ ነበረ፤ ደልዳላው መሬት ደግሞ ፀሐይ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ፈሳሹ የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ነውና፥ አውቶሞቢሉ ዘንበል ብሎ የቆመ እንደ ሆነ ሥራው ይቋረጣል። ስለዚህ በጥላው ሥር ከጎማዎቹ በታች ጠፍጣፋ ድንጋይ አግብተን፥ በሳህን ላይ ውሃ አድርገን እያየን አስተካከልነው። የጀርባውን መስኮት ወደ ምሥራቅ መለስነው፤ በላይኛውም ቀዳዳ ሞቃቱን አየር ወደ ውጭ የምታወጣ ትንሽ ማራገቢያ አቆምን። እሳቱም በቆላው አየር ያለ ችግር ነደደ። ከምሽቱ 3 ሰዓት መለኪያው 6 ዲግሪ ሆነ።

መድኃኒቱን በጨርቅ ጠቅልለን፥ በረዶ ከሚይዘው ክንፍ አርቀን በመካከለኛው መደርደሪያ አኖርነው። ዕቃውንም አላጨናነቅነውም፥ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ። የመጠጥ ውሃችን ግን ከሣጥኑ ውጭ፥ እርጥብ ጨርቅ በተጠመጠመበት የሸክላ ገንቦ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ቆመ፤ ልጆቹም በጠማቸው ቁጥር የሣጥኑን በር መክፈት ቀረላቸው።